ሕንጻና መንገደኛው

የሥነ ሕንጻ ሂስ በኢትዮጵያ ገና ያልጎለበተ የሂስ ዘርፍ ነው። ስለ ግጥም፣ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ትያትርና ስለ ሥዕል ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረውበታል። ሕንጻ ግን በተመረቀ ዕለት ቁመቱ፣ የፈጀው ገንዘብና የፊቱ ውበት ይነገርለትና ከዚያ በኋላ ዝም ይባላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመረቅ ጎልቶ የተሰማው ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ መሆኑ ነበር። ቁመት መነገሩ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የሚያስነቅፈው ሂሱ ከደጃፍ አልፎ ወደ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ሕንጻ ከሌሎቹ የኪነ ጥበብ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ያልጣመውን መጽሐፍ አንባቢ ይከድነዋል፤ ያልጣመውን ትያትር ተመልካች አቋርጦ ይወጣል። ያልጣመውን ሆስፒታል ግን በሽተኛ ትቶት አይሄድም፤ ያልተመቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ባለጉዳይ ሊሸሸው አይችልም። ስለዚህ ስለ አንድ ታላቅ ሕንጻ በቅድሚያ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ከውጭ ሲያዩት ያምራልን?» የሚለው ሳይሆን፣ «ከበሩ የገባ ሰው ሳይንከራተት ካሰበበት ይደርሳልን?» የሚለው ነው።

ጥያቄው በዓለም አቀፍ ደረጃ ብዙ የተመረመረ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶልማን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ አይጦች በተጠላለፈ መተላለፊያ ውስጥ ሲሄዱ ግራና ቀኝ መታጠፍን ብቻ ሳይሆን የቦታውን አጠቃላይ ካርታ በአእምሯቸው እንደሚይዙ አስረዳ። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ኬቪን ሊንች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 «የከተማ ምስል» በተሰኘው መጽሐፉ የቦስተንን፣ የጀርሲ ሲቲንና የሎስ አንጀለስን ነዋሪዎች መነሻ በማድረግ፣ ሰው ከተማውን በልቡናው የሚሥለው በአምስት ነገሮች እንደሆነ አመለከተ። እነርሱም መንገድ፣ ዳርቻ፣ ሰፈር፣ መገናኛና ጎልቶ የሚታይ ምልክት ናቸው። ከዚያም ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥ አንጎል ውስጥ፣ እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳወቀ፤ ይህን ግኝት በሌላ ግኝት ካጎለበቱት ከሜይ ብሪት ሞሰርና ከኤድቫርድ ሞሰር ጋርም እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መንገድ መፈለግ የእግር ሥራ ብቻ አይደለም። ሰው ሲራመድ ያነባል፤ ያነበበውን ያስታውሳል፤ ካስታወሰው ተነሥቶ ያላየውን ይገምታል። «ይህ ደረጃ ወደ ላይ ከወሰደኝ ሲመለስም ያወርደኛል፤ የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ እንደ አንደኛው ከሆነ የምፈልገው ክፍል ከዚህ በላይ ይሆናል» እያለ ከሕንጻው ጋር በዝምታ ይነጋገራል። ሕንጻው ግምቱን ሲያጸድቅለት መንገደኛው ልቡ ያርፋል፤ ሕንጻው ሲዋሸው ግን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ የራሱን ማስተዋል መጠራጠር ይጀምራል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄራልድ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረበው ጥናት፣ አንድ ሕንጻ ለመንገደኛው የሚነበብ ወይም የማይነበብ የሚሆነው በአራት ነገሮች እንደሆነ ዘረዘረ። የመጀመሪያው ከቆሙበት ሆኖ ወደሚሄዱበት አሻግሮ ማየት መቻል ነው፤ ሁለተኛው አንዱ ክፍል ከሌላው በመልኩ መለየቱ ነው፤ ሦስተኛው ምልክቶችና ቁጥሮች ናቸው፤ አራተኛው የፕላኑ አጠቃላይ ቅርጽ ነው። ሊጤን የሚገባው፣ ከአራቱ በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስቱ የሕንጻው የራሱ አካላት ናቸው፤ ሕንጻው ከቆመ በኋላም በቀለምና በምስማር የሚታከሉ አይደሉም።

ይህ ነገር ለትያትር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ጸሐፌ ተውኔቱ መጋረጃው በተገለጠ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልካቹ የት እንዳለ፣ ማን ከማን እንደተጣላና ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል በቃለ ተውኔትና በድርጊት ማስጨበጥ አለበት። ይህን ያልቻለ ደራሲ መድረክ ዳር ተራኪ አቁሞ ነገሩን ያስተረጉማል። ሰሌዳ የበዛበት ሕንጻም እንዲሁ ነው። በሩ በር መሆኑን ራሱ መናገር ሲገባው «መግቢያ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ደረጃው ከአዳራሹ ጀርባ ተደብቆ ቀስት ይጠቁመዋል፤ ቀስቱም በሌላ ቀስት ይታረማል።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በለንደን ከተማ የሚገኘው የባርቢካን የኪነ ጥበባት ማእከል ነው። ማእከሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ በወደመ ሰፈር፣ ቻምበርሊን፣ ፓውልና ቦን የተባሉት ባለሙያዎች በነደፉት ሰፊ የመኖሪያ መንደር መካከል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ተመረቀ። ትያትር ቤት፣ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ሲኒማ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሥዕል ማሳያ በአንድነት ይዟል። ነዳፊዎቹ እግረኛውን ከመኪና ለመለየት ብለው መሄጃውን ከምድር ከፍ አድርገው በድልድይ መሰል መተላለፊያዎች ላይ አነጠፉት። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ የእግረኛን ሕይወት የሚያከብር ሐሳብ ነውና። ነገር ግን እግረኛው ወደ ላይ ሲወጣ ከምድር የለመዳቸውን መለያዎች ሁሉ ተነጠቀ። የመንገድ ማእዘን የለም፤ የሱቅ መስኮት የለም፤ በሁሉም አቅጣጫ ያው አንድ ዓይነት ሻካራ ኮንክሪት ነው። ትያትር ሊያይ የመጣው ሰው ማእከሉን ከፊቱ እያየ የሚገባበትን ማግኘት ተሳነው። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ በመተላለፊያው ወለል ላይ ቢጫ መሥመር ማስመር ሆነ፤ ተመልካቹ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መሥመሩን እየተከተለ ይደርስ ዘንድ።

ያ ቢጫ መሥመር በሕንጻው ላይ የተጻፈ ሂስ ነው። የጻፉት ሐያሲያን አይደሉም፤ የጠፉ መንገደኞች ናቸው። ይህን ማለት ባርቢካንን ጨርሶ መኮነን አይደለም። የአዳራሾቹ ጥራት፣ በመንደሩ መካከል ያለው ውሃና አትክልት፣ የኮንክሪቱ ግርማ ብዙ ወዳጆች አፍርተውለታል፤ እዚያ የኖረ ሰውም መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ነገር ግን የኪነ ጥበብ ማእከል የተሠራው ለሚያውቀው ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ መጥቶ ላይመለስ ለሚችለው እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የሚያከራክር ነው። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ማእከላዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሆላንዳዊው ሬም ኩልሃስና ባልደረቦቹ ነድፈውት እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። አሥራ አንድ ፎቅ ያለው የመስታወትና የብረት ሕንጻ ነው፤ ሽልማትም አግኝቷል። ከሁሉ የሚደነቅለት የመጻሕፍቱ አቀማመጥ ነው። በሌሎች ቤተ መጻሕፍት አንድ የዕውቀት ዘርፍ ሲሰፋ ፎቁ ይጠብበውና መጻሕፍቱ ተቆራርጠው ይበተናሉ። በሲያትል ግን አራት ፎቆችን የሚያያይዝ፣ እየዞረ የሚወጣ ተዳፋት ወለል ተሠርቶ፣ ልብ ወለድ ያልሆኑት መጻሕፍት ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ሳይቋረጡ ተደረደሩበት። ቁጥሩም ወለሉ ላይ ይነበባል። ቁጥሩን የሚያውቅ አንባቢ ተዳፋቱን ይከተላል፤ መጽሐፉም ይመጣለታል።

ይህን የሠሩት እጆች የቀረውን ሕንጻ ግን ለእንግዳ አስቸጋሪ አደረጉት። ሎራ ካርልሰን፣ ክሪስቶፍ ሆልሸር፣ ቶማስ ሺፕሊና ሩት ዳልተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንጻዎች ውስጥ ስለ መጥፋት ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ቤተ መጻሕፍት በምሳሌነት አንሥተውታል። ሰው ፎቆች እርስ በርሳቸው እንዲመሳሰሉ ይጠብቃል፤ የዚህ ሕንጻ የመጀመሪያዎቹ አምስት ፎቆች ግን አንዱም ሌላውን አይመስልም፤ የውጭ ግድግዳዎቹ እንኳ በአንድ መሥመር አይገጥሙም። ረጃጅሞቹ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችም ፎቆችን እየዘለሉ ያልፋሉ፤ በዚህም የተነሣ ሰው ወዴት እየወጣ እንደሆነ አሻግሮ ማየት ይቸግረዋል። ተመራማሪዎቹ መጥፋትን ለሕንጻው ብቻ አይሰጡትም፤ የሕንጻው አሠራር፣ መንገደኛው በአእምሮው የሚይዘው ካርታና የመንገደኛው የራሱ ችሎታና ስልት ተያይዘው መታየት እንዳለባቸው ያሳስባሉ።

የሲያትል ምሳሌ ለሐያሲ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ ስምምነት ብዙ ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ጸሎት ይደገማል። በዚህ ሕንጻ ግን ስምምነቱም መፋታቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይታያሉ። ቅርጹ ከመጻሕፍቱ ሥርዓት በተወለደበት በተዳፋቱ ወለል ላይ አንባቢ መንገዱን ያገኛል። ቅርጹ ለመደነቅ ብቻ በቆመበት በደረጃዎቹ ላይ ያው አንባቢ ይባዝናል። ነዳፊው አንድ ነው፤ አንባቢውም አንድ ነው፤ የተለየው ቅርጹ ማንን ለማገልገል እንደተነሣ ነው።

ምናልባት «ትልቅ ሕንጻ ሆኖ የማያደናግር የለም» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ይህ አባባል በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንጻ በፔንታጎን ፊት አይቆምም። ፔንታጎን እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1943 የተሠራ ሲሆን መተላለፊያዎቹ በአንድነት ቢለኩ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። በውስጡ ስለሚሠራው ሥራ ሰው እንደየአቋሙ ሊፈርድ ይችላል፤ ፕላኑ ግን ሊጠና የሚገባው ነው። አምስት ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ተካተዋል፤ ከውስጥ ወደ ውጭም በፊደል ተሰይመዋል። አሥር መተላለፊያዎች ከመካከሉ ወደ ውጭ ቀለበቶቹን ሰንጥቀው ይወጣሉ። የአንዱ ክፍል ቁጥር ፎቁን፣ ቀለበቱንና መተላለፊያውን በቅደም ተከተል ይናገራል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በእግር ለመድረስ ሰባት ደቂቃ ያህል እንደሚበቃ ይነገራል። እርግጥ አምስቱም ጎኖች በመልክ ስለሚመሳሰሉ እንግዳ በየትኛው ወገን እንዳለ ሊጠፋው ይችላል፤ ዋይዝማን የቆጠረው የመለየት ጉዳይ እዚህ ላይ ይጎድላል። ነገር ግን ስፋት በራሱ ሰበብ እንደማይሆን ይህ ሕንጻ ያሳያል። የሚያደናግረው ሥርዓት ማጣት ነው።

ሰሌዳ ሥርዓትን ሊተካ አለመቻሉን ደግሞ ማይክል ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት አረጋግጧል። የፕላኑ ውስብስብነት በጨመረ ቁጥር የሰዎቹ ስሕተት ጨመረ። ሰሌዳ መኖሩ በየሕንጻው ጠቅሟል፤ ይሁን እንጂ በእጅግ ውስብስቡ ሕንጻ ውስጥ ሰሌዳ ይዘው የሄዱት፣ በቀላሉ ሕንጻ ውስጥ ያለ አንዳች ሰሌዳ ከሄዱት ይልቅ ብዙ ጊዜ ተሳሳቱ። እንግዲህ ፕላኑ ሲበላሽ ሰሌዳ ማብዛት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ ያለ ጽሑፍ የሚናገር ሕንጻ ባሕር ማዶ የሚፈለግ አይደለም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን አንድም ቀስት የለውም። ከቅጽሩ በር ጀምሮ እስከ ደጀ ሰላሙ፣ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ከዚያም በቅድስቱ አልፎ እስከ መቅደሱ፣ ሰው ምን ያህል እንደቀረበና የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ከክቦቹ ሥርዓት፣ ከበሮቹና ከብርሃኑ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ምእመንና መጽሐፍ የሚያመሰጥረው ሊቅ ሕንጻውን እኩል ያነቡታል።

የከተማው ሕዝብም ይህን የንባብ ችሎታ አላጣም። የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ሲያመላክት የጎዳና ስምና ቁጥር ብዙም አይጠራም። «ሰባ ደረጃን ወርደህ»፣ «ከአራት ኪሎ ከፍ ብለህ»፣ «ብሔራዊ ትያትር ፊት ለፊት፣ አንበሳው ጋ» ይላል። ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው ያ የድንጋይ አንበሳ ለብዙ ሰው ሐውልት ከመሆኑ ይልቅ መቀጣጠሪያ ነው። ሊንች ጎልቶ የሚታይ ምልክት ያለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ማስተዋል ያለው ሕዝብ ወደ አዳዲሶቹ ሕንጻዎች ሲገባ ለምን ይጠፋል? ማስተዋሉ የሚጨብጠው ነገር ስለማያገኝ ነው። መተላለፊያው ሁሉ ነጭ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መብራቱ ቀንና ሌት ያው ነው። ወደ ውጭ የሚያሳይ መስኮት ስለሌለ ምሥራቁና ምዕራቡ እንኳ አይለይም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በሆስፒታል ነው። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት በቅድሚያ ካርድ ክፍል ይላካሉ፤ ከዚያ ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ገንዘብ ከፋይ መስኮት፣ ከዚያም ወደ ራጅ ክፍል፤ በመጨረሻም ውጤታቸውን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሳሉ። እነዚህ ክፍሎች በተለያየ ፎቅና በተለያየ ሕንጻ ሲበተኑ የታማሚው ቀን በሕክምና ሳይሆን በጉዞ ያልቃል። «አባቴ፣ በዚህ ገብተው ወደ ግራ ይታጠፉ፤ ከዚያ ደግሞ ይጠይቁ» ይባላሉ። ሰሌዳው ቢኖርም አንዳንዴ በባዕድ ቋንቋ ምሕጻረ ቃል የተጻፈ ነው። በሕንጻው ውስጥ እውነተኞቹ የመንገድ ምልክቶች ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው፤ ነዳፊው የተወውን ሥራ እነርሱ ሥራቸውን አቋርጠው ይሠሩለታል።

መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መንገድ ማሳየትም የሕዝቡ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ሁልጊዜ በነጻ አይገኝም። የአእምሮ ሕክምና ወይም የአባላዘር በሽታ ክፍል የት እንደሆነ በተጨናነቀ መተላለፊያ ላይ መጠየቅ፣ ሕመምን በአደባባይ ማወጅ ነው። ይህን የፈራ ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ወደተሳሳተው አቅጣጫ ይቀጥላል፤ ወይም ተመልሶ ቤቱ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የጠፋው ሰው ሕንጻውን አለመውቀሱ ነው። «እኔ አላዋቂ ሆኜ ነው» ይላል። የነዳፊው ጉድለት በተገልጋዩ ላይ ዞሮ የዕውቀት ማነስ ይመስላል፤ በዚህም ሕንጻው ዜጋውን ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ክብሩንም ይቀማዋል።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጡ አሉ። «ሕንጻ እንደ ግጥም ነው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ መግለጥ የለበትም» ይላሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ምስክር ናቸው። አሥራ አንዱ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ በስተቀር፣ ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ወዲህና ወዲያ በሁለት ወገን ተፈልፍለው በቦዮችና በዋሻዎች ይገናኛሉ። ተሳላሚው ከጨለማው ዋሻ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጥቶ ድንገት በዐለት መካከል የቆመውን መቅደስ ሲያይ፣ ጨለማውም መንከራተቱም የትርጉሙ ክፍል ይሆኑለታል። ቅኔም ወርቁን ከሰሙ በታች ይሠውራል። ነገር ግን የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ሕፃን ያዘለች እናት ተሳላሚ አይደለችም፤ ከእርሷ የሚጠበቅ የቅኔ ፍቺም የለም። ምሥጢር ለሚፈልገው ሰው ጸጋ ነው፤ ለተቸገረው ሰው ግን መሰናክል ነው። አንድ ሕንጻ ምሥጢር እንዲይዝ መብት የሚሰጠው የነዳፊው ዝና ሳይሆን የሕንጻው ተግባር ነው።

ከዚህ በመነሣት ሊሠራባቸው የሚገቡ ጥቂት ተጨባጭ ነገሮች አሉ። ሕንጻ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ፕላን ከማጽደቃቸው በፊት፣ ከዋናው በር ላይ የሚቆም እንግዳ ደረጃውንና ዋናውን መተላለፊያ ያያል ወይ ብለው ይጠይቁ። ተከታታይ የሆኑ አገልግሎቶች በሥራቸው ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይቀመጡ። እያንዳንዱ ክፍል በቀለም፣ በብርሃን ወይም በሥዕል የራሱ መለያ ይኑረው፤ ይህም ለሠዓሊያንና ለቀራጺያን ሰፊ የሥራ መስክ ይከፍታል፤ በአደባባይ ያለው አንበሳ ለከተማው የሚሠራውን ሥራ በአዳራሽ ያለ ሥዕል ለሕንጻው ይሠራልና። ሰሌዳም በመጨረሻ፣ በሕዝቡ ቋንቋና ማንበብ ለማይችለውም በሚገባ ምልክት ይሰቀል። ሕንጻው ከመመረቁ በፊት ደግሞ አይተውት የማያውቁ ጥቂት ሰዎች፣ አረጋዊ፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ፣ ያለ መሪ ገብተው አንድ የተወሰነ ክፍል እንዲፈልጉ ይደረግ። የቆሙበትና ያመነቱበት ቦታ ሁሉ የንድፉ ስሕተት ያለበት ቦታ ነው።

የሐያሲውም ድርሻ ቀላል አይደለም። የትያትር ሐያሲ ትያትሩን ሳያይ በማስታወቂያው ላይ ቢፈርድ ይሣቅበታል፤ የሕንጻ ሐያሲም በፎቶግራፍና በምረቃ ንግግር ሊፈርድ አይገባውም። ሥራ በሚበዛበት ሰኞ ጠዋት ገብቶ፣ ከባለጉዳዩ ጋር ተሰልፎ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ተመላልሶ፣ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ሰዎች ቆመው ግራ ቀኝ እንደሚያዩ መዝግቦ መጻፍ ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሂስ ሲለመድ ነዳፊው የሚነድፈው ለምረቃው ዕለት ሳይሆን ከምረቃው በኋላ ለሚመጣው ባለጉዳይ ይሆናል።